መድኃኒት ያለበት ጉድጓድ

እኔ ቀናተኛ ሴት ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለመጸጸትም ለማማረርም አይደለም፤ የሆነውን ሁሉ ያየሁት በዚያ ዓይን ስለሆነ፣ የሚያነበኝ ሰው ከየት ሆኜ እንደማወራ ይወቅ ብዬ ነው። ቅናት ሁልጊዜ ያሳስታል የሚሉ ሰዎች ደግሞ ከልባቸው ቀንተው አያውቁም።

በደርግ ጊዜ ሚዛን ተፈሪ ላይ፣ ከአማን በሚያወጣው ዳገት መሐል ነበር ቤታችን። እኔ በረንዳዬ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የተማሪ ዩኒፎርምና የገበሬ ሱሪ እሰፋለሁ። ባሌ አማን ጤና ጣቢያ ሳኒታሪያን ነበር። ሽንት ቤት ያስቆፍራል፣ ምንጭ ያስጠርጋል፣ ሻይ ቤትና ጠጅ ቤት እየዞረ ንጽሕና ይቆጣጠራል። ልብስ የሚሰፋ ሰው አንገቱን የደፋ ይመስላል እንጂ መንገዱን በሙሉ ያያል። ማን ከማን ጋር እንደወረደ፣ ማን ለማን ጃንጥላ እንዳዋሰ ከኔ አያመልጥም ነበር።

ከኛ ቤት ከፍ ብሎ ጠጅ የምትጥል ሴት ነበረች። ከባሏ ተፋትታ ብቻዋን የምትኖር፣ ረዘም ያለች፣ ስትራመድ የማትቸኩል የአገሩ ተወላጅ ናት። አፏን የፈታችው በቤንችኛ ነው፤ አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ስለሆነ ሰውን ሁሉ “አንተ” ነው የምትለው። የቀበሌውን ሊቀመንበር አንተ፣ ቄሱን አንተ፣ እኔንም አንተ። ሰፈሩ ይስቅ ነበር፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ባሌን “አንተ፣ ና ግባ” ስትለው ግን እኔ አልስቅም። እሱ ደግሞ “እሺ እህቴ” ይላታል። እኔን ሲጠራኝ “ስሚ” ነው የሚለኝ።

በዚያ ዳገት ላይ ቧንቧ አልነበረም። ሁሉም በጓሮው ጉድጓድ አስቆፍሮ ነበር የሚኖረው። የኛን ያስቆፈረው አባቴ ነው፤ አፉን በድንጋይ አስገንብቶታል፤ ውሃው ግን ብረት ብረት ይላል። የሷ ይጣፍጣል ተባለ። ማን መጀመሪያ እንዳለው አላውቅም፣ ብቻ ከተማው በሙሉ ይህንኑ ማለት ጀመረ። ጠጇም የሚጥመው በውሃው ነው ተባለ። ሴቶች የራሳቸውን ጉድጓድ ትተው ለመጠጥ ከሷ ጓሮ ይቀዱ ነበር። በኋላ በክረምት አፉ ተንዶ በርሜል ሲቀበርበት እንኳ አልተዉም። ሱሪ ሊለካ የመጣ ገበሬ ውሃ ስሰጠው “ከላይ ነው የተቀዳው?” ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። አይደለም ስለው ብርጭቆውን ጎንጨት አድርጎ ያስቀምጠዋል። አንጀቴ ማረር የጀመረው በባሌ ሳይሆን በውሃ ነው።

አንድ ዓመት ክረምት ሲገባ፣ ከመንግሥት ቡና እርሻ በታች በሚያልፈው ወንዝ ላይ ዓሣ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ። ሰው እየለቀመ ወደ ቤቱ ወሰደ። ቀጥሎ ከዚያው ወንዝ የጠጣች የአንድ ገበሬ ጥጃ ሞተች። ባሌ ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ ሲሄድ፣ የቡና ተባይ የሚረጩት ሠራተኞች መርጫቸውንና ባዶ በርሜሎቻቸውን ወንዙ መታጠፊያ ላይ ሲያጥቡ አገኛቸው። ውሃው ወተት መስሎ ይወርድ ነበር አለኝ። ለአለቃው ሪፖርት ሲያደርግ አለቃው በሩን ዘግቶ፣ “የመንግሥት እርሻ ሕዝብ መረዘ ልትል ነው? ይኼ እኮ አሻጥር ነው የሚባለው። አርፈህ ሽንት ቤትህን አስቆፍር” አለው። በዚያን ጊዜ አሻጥር የምትለው ቃል በአንድ ሰው ላይ ካረፈች በኋላ ያ ሰው የት እንዳደረ አይታወቅም።

ባሌ ግን አላረፈም። ለምርመራ ወደ ጅማ የላከው ውሃ መልስ ሳይመጣለት ሲቀር የራሱን ዘዴ አበጀ። ከየጉድጓዱና ከወንዙ ውሃ እየቀዳ በመርማላታ ጠርሙስ ያስቀምጣል፤ ከኩሬ ደግሞ የትንኝ ዕጭ፣ ያቺን ውሃ ውስጥ እየተገለባበጠች የምትዋኘውን ትንሽ ነገር፣ በማንኪያ እያወጣ በየጠርሙሱ ይጨምራል። አፉን በሻሽ ያስራል። ዕጮቹ እየዋኙ ካደሩ ውሃው ደህና ነው፤ ከታች ዘቅጠው ከተገኙ መርዝ አለበት ማለት ነው። በጤና ጣቢያው ፕላስተር ላይ የባለ ጉድጓዱን ስም እየጻፈ በየጠርሙሱ ይለጥፋል። ይህ ሁሉ የተደረደረው የት ነው? የመኝታ ቤታችን መስኮት ላይ። ሴት ባሏ የሌላ ሴት ፎቶግራፍ ይይዛል ብላ ትሰጋለች፤ እኔ ጋ ያቺ ሴት ስሟ በባሌ እጅ ተጽፎ፣ በጠርሙስ ሆና፣ ከራስጌዬ ተቀምጣለች።

ከወንዙ የተቀዳው ዕጮቹን ገደለ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። የኔ ጉድጓድ ደህና ሆነ። የጎረቤቱም ሁሉ ደህና ሆነ። የሷ ግን አንዲት ዕጭ ሳታስተርፍ ቀረች። ባሌ ጠርሙሱን አንስቶ ወደ ብርሃን ይዞ ሲያየው ፊቱ እንዴት እንደተለወጠ አልረሳውም። እኔ ታምሜበት እንኳ እንዲያ ሆኖ አላየሁትም። እንደገና ቀዳ፣ እንደገና ሞቱ። ከዚያ ጀምሮ ሲነጋ ከኔ ጋር “እንዴት አደርሽ” ሳይባባል መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ጠርሙስ ነበር።

ከሥራ ሲመለስም በበረንዳዬ ፊት ለፊት ሽቅብ ያልፋል። “መጣሁ” ይለኛል። እሷ ጋ ገብቶ ይቆያል። ከምን ደረሳችሁ ስለው፣ “ከጉድጓዷ እንዳትጠጣ እየነገርኳት ነው፤ አልሰማ አለችኝ” ይላል። ለዚህ ይህን ያህል ጊዜ ይፈጃል ወይ? አትጠጪ ለማለት አንድ ቃል ይበቃል። ደግሞ የልጆቻችን ወተት መጉደል ጀመረ። ስጠይቀው ሳይደብቅ፣ “ለሷ ወስጄላት ነው፤ መርዝ ያበርዳል ይባላል” አለኝ። እንግዲህ ላሟን የማልብ እኔ፣ ወተቱን የሚያደርሰው እሱ፣ የምትጠጣው እሷ።

ያን ሰሞን ቀሚስ ልታስጠብብ የመጣች ደንበኛዬ፣ መርፌ በአፌ ይዤ ተንበርክኬ ጫፉን ስለካ፣ “ጠጅ ጣይዋ ጠዋት ጠዋት ያስመልሳታል አሉ” አለችኝ። “ከስታለችም፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ጠጅ ስትቀዳ ታፈሳለች።” ከዚያ ቁልቁል አየችኝ። ያልጨረሰችውን እኔ ጨረስኩት። መርፌውን ሳልውጠው መቅረቴ ይገርመኛል። ጠዋት የሚያስመልሳት፣ ባል የሌላት፣ የኔ ባል ወተት የሚወስድላት ሴት። ምን ሊቀረኝ ነው? በዚያ ሳምንት የሰፋሁት ሱሪ ሁሉ ጠቦ ወጣ፤ ደንበኞቼ ሊጣሉኝ ደረሱ።

ባሌ እሷ እምቢ ስትለው ሰፈሩ እንዲሰማው ፈለገ። አለቃው እርሻውን እንዳያነሳ አስጠንቅቆ፣ ስለ ጉድጓዱ ብቻ በቀበሌ ስብሰባ ላይ እንዲናገር ፈቀደለት። እሑድ ጠዋት አዳራሹ ሞልቶ፣ መፈክሩ ተብሎ፣ ልዩ ልዩ ጉዳይ ላይ ሲደረስ ተነሣ። እሷ ከሴቶች መሐል፣ እኔ ከሷ ኋላ ተቀምጫለሁ። ምን ብሎ ይናገር? መርዝ ቢል የመረዘው ሰው ይጠየቃል። ኬሚካል ቢል የሚያውቀው የለም። እርሻው ውስጥ የሚረጨውን ሁሉ ሠራተኞቹ “መድኃኒት” ነው የሚሉት፤ ረጪውም “መድኃኒት ረጪ” ነው። እሱም ያንኑ ቃል አነሣ።

“ጓዶች፣ በዚህች እህታችን ጉድጓድ ውስጥ መድኃኒት አለ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳይቀዳ” አለ።

 ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ተከትሎ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ብቻዋን የምትኖር ጠጅ ሻጭ ቤት መድኃኒት አለ ሲባል፣ የቡና ተባይ ማን ያስታውሳል? ሰው የሚያውቀው መድኃኒት ሌላ ነው፤ ወንድ የሚያስረው፣ እግሩን ከቤቱ ነቅሎ የሚወስደው።

“እሱማ ይጠየቃል እንዴ?” አለች የሳቀችው። “ሰው ሁሉ የገዛ ጉድጓዱን ትቶ እሷ ጋ የሚሄደው በጤናው ነው?”

“ሳኒታሪያኑንም አቅምሳዋለች” አለ አንድ ሽማግሌ። “ራሱ መሰከረ።”

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ባሏን በመድኃኒት የተነጠቀች ሴት እንዴት ያለ ፊት እንዳላት ሊያዩ። ባሌ እጁን እያወዛወዘ “አይደለም፣ እኔ ያልኩት...” ይላል፤ የሚሰማው የለም። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታና፣ “ጓድ ሳኒታሪያን፣ መድኃኒቱን ጉድጓዱ ውስጥ ማን ጨመረው?” ብሎ ጠየቀው። ባሌ አፉን ከፈተ። እርሻው ልበል ወይስ ዝም ልበል እያለ እንደሆነ እኔ ብቻ አውቄለታለሁ። ዝም አለ። ሊቀመንበሩ ዝምታውን በራሱ ተረጎመው። እንዲህ ያለ ጎጂ ልማድ በአብዮቱ ዘመን እንደማይፈቀድ፣ ሴትየዋ ለአብዮት ጥበቃ ተሰጥታ ከቀበሌው እንድትወጣ ሐሳብ አቀረበ። እጅ መውጣት ጀመረ።

እሷ ተነሣች።  “እኔ መድኃኒት አላውቅም” አለች። ወደ ሊቀመንበሩ ጣቷን ቀስራ፣ “ውሃ ነው። አንተ ራስህ ትላንትና ጠጣህ።”

ሰዎች ለምን ተነሥተሽ ተናገርሽላት ይሉኛል። አዝነሽላት ነው ይላሉ። ላዝንላት አልፈለግሁም፤ ከቀበሌው ብትወጣ እልል ባልኩ። ግን መድኃኒቱን አልቀበልም። ባሌ ወደ እሷ የሚወጣው በመድኃኒት ታስሮ ነው ከተባለ፣ ከደሙ ንጹሕ ሊሆን ነው። ምስኪን፣ አቅምሳው ነው ሊባልለት ነው። የሄደው በገዛ እግሩ ነው፤ እኔ ከበረንዳዬ ሆኜ እግሩን እያየሁ ነው የሄደው። ለመስተፋቅር አላስረክበውም።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ የኔን ባል መድኃኒት አይዘውም” አልኩ ተነሥቼ። ድምፄ አዳራሹን ሲሞላ ለራሴም ገረመኝ። “መድኃኒቱ የቡና መድኃኒት ነው። እርሻው ውስጥ የሚረጨው፣ ወንዙ ላይ ዓሣውን የፈጀው። የጉድጓዷ አፍ እንዳይናድ የተቀበረውን በርሜል ሄዳችሁ እዩት። እሷ ያስመልሳታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ እናንተ አረገዘች ትላላችሁ። ዕጮቹ እኔ መኝታ ቤት ሲሞቱ አይቻለሁ።”

ይህን ስናገር እያንዳንዱ ነገር ለራሴም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ማስመለሷን፣ ወተቱን፣ በርሜሉን በየብቻው ሳውቀው ኖሬ፣ አንድ ላይ ያገጣጠመልኝ ንዴት ነው። ባሌ አንገቱን ደፍቶ ቁጭ አለ። እርሻው የሚለው ቃል ከኔ አፍ ወጥቷል፤ ከሚስቱ አፍ ወጣ ማለት ደግሞ ከሱ ወጣ ማለት ነው።

ሊቀመንበሩ ወደ እሷ ዞሮ፣ “በርሜሉን ከየት አመጣሽው?” አላት።

 የመንግሥት እርሻ በርሜል የመንግሥት ንብረት ነው፤ ሰው ይታሰርበታል። መሬት መሬቱን እያየች፣ “ገበያ” አለች። ስትዋሽ የሰማኋት ያኔ ብቻ ነው።

በማግሥቱ በርሜሉ ተቆፍሮ ወጣ። ሥሩና ክዳኑ ተቆርጦ ግድግዳው ብቻ የቀረ፣ ጭቃ ጠግቦ የዛገ በርሜል ነበር። ከአፈሩ በኩል በነበረው ጎኑ ላይ የራስ ቅል ሥዕል ነበረበት። ሊቀመንበሩ አይቶት ምንም ሳይል ሄደ። ጉድጓዱ ተደፈነ። እርሻው በርሜል የሚያጥብበትን ቦታ ከወንዙ ድልድይ በታች አዛወረ፤ ከድልድዩ በታች ለሚኖሩት ሰዎች ስብሰባ የጠራላቸው የለም። ባሌ ብዙም ሳይቆይ “ለሥራ ጥቅም ሲባል” በበቅሎ ወደሚደረስባት ማጂ ተዛወረ። በዚያን ጊዜ ማጂ መመደብ ምን ማለት እንደሆነ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል። እስር ባለመሆኑ ዘመዶቻችን እንኳን ደስ ያላችሁ አሉን።

ዕቃ ስንሸክፍ መጣች። ፊቷ መለስ ብሏል፤ እጇም መንቀጥቀጡን ትቷል። ከኔ ጉድጓድ መቅዳት ከጀመረች ሰንብታለች፤ ብረት ብረት ይላል ብላ አታውቅም። በረንዳዬ ላይ፣ ጨርቅ ከምቆርጥበት አግዳሚ ጫፍ ተቀመጠች።

“አንተ ጥሩ ሰው ነህ” አለችኝ። “እነዚያ ሊያባርሩኝ ነበር።”

“በርሜሉን ከገበያ አልገዛሽውም” አልኳት። “ማን ነው የሰጠሽ?”

ቀና ብላ አየችኝ። የማውቅ መስሏት ነበር። ፊቷ ላይ ድንጋጤም ተንኮልም አልነበረም።

“ባልህ” አለች። “ያን ክረምት፣ ዓሣው ከመሞቱ በፊት፣ የጉድጓዴ አፍ ተናደ። አምጥቶ ራሱ ቀበረልኝ። ስብሰባ ላይ ብናገር እሱን ያስሩታል። አንተስ ምን ትበላለህ?”

ያን ክረምት እኔም አውቀዋለሁ። ያን ክረምት የኛም ጉድጓድ ዳሩ ሸሽቶ፣ ድንጋዩ እየወደቀ ውሃው ደፍርሶ ነበር። በርሜል ፈልግልኝ ብዬ ለምኜዋለሁ፤ አንድ ጊዜም አይደለም። “በርሜል ከየት ይገኛል፣ በወርቅም አይገኝ” ነበር ያለኝ። ድንጋዩን እኔና አንድ ጎረቤት መልሰን ደረደርነው።

ለምሳ ሲመጣ ገና እጁን ሳይታጠብ ጠየቅሁት። “በርሜሉን አንተ ነህ የሰጠሃት?” አልኩት። ማሰሮውን እንደያዘ ቆመ። ያኔ ሁሉ ነገር ፊቱ ላይ ተነበበልኝ፤ በየቀኑ የወጣው፣ ወተቱን የወሰደው፣ ጠርሙሱን ሲያይ የከሰመው በምን እንደሆነ። በገዛ እጁ መርዝ ቀብሮላት፣ አውጪው ሲላት እምቢ ብላው፣ ለማንም ሊናገር አይችልም። ግን ይህ መልስ አልሆነኝም። እንዲህ የሚፀፀት ሰው መጀመሪያ መልካም ሊያደርግላት አስቦ ነው።

“አጥቤው ነበር” አለኝ። “እመኚኝ፣ በሳሙናም በአመድም አጥቤው ነበር። እርሻው ግቢ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ ነው ያጠብኩት። ይበቃል ብዬ ነው።”

የጠየቅሁት ስለ መርዙ መስሎታል። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ቁጭ ብሎ፣ በሳሙናና በአመድ፣ ደጋግሞ አጠበላት። በኔ ቤት አንድ ብርጭቆ አጥቦ አያውቅም።

ማጂ አብሬው ሄድኩ። ብቻውን አልለቀውም። ከበቅሎዋ ላይ ሆኜ ያን ሁሉ ዳገት ስወጣም፣ እዚያም ልጆቻችንን ሳሳድግ፣ ስለዚያ በርሜል ሁለተኛ አላነሣንም። ነገሩን ያወራሁላቸው ሰዎች ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚሉኝ፤ ያኔ የለመንሽውን አምጥቶልሽ ቢሆን ልጆችሽ ይጠጡት ነበር፣ እግዜር ነው ያተረፈሽ። እውነታቸውን ነው። ልጆቼ ደህና ናቸው፤ በርሜሉ ለኔ ባለመምጣቱ ደህና ናቸው።

እኔ የማስበው ግን መንገዱን ነው። ከእርሻው ተነሥቶ እሷ ቤት ለመድረስ በኛ በር ማለፍ የግድ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። ያን ሰሞን እናቴን ልጠይቅ ቴፒ ሄጄ ነበርና አላየሁም። በርሜሉን ዳገቱን ሽቅብ እያንከባለለ፣ እያላበው፣ በተዘጋው በራችን ፊት አልፎ ሄደ። ባዶ በርሜል በኮረት ላይ ሲንከባለል ከሩቅ ይሰማል። ድምፁን ሰምታ ደጅ ወጥታ ጠብቃው እንደሆነ፣ ያን ቀን በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ሳለች ልጠይቃት አልቻልኩም።